«ቀልቤ ነግሮኛል፤ ሥራዬን ልልቀቅ?» ላለችው እህት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ትሠራለች። ረቡዕ ጠዋት አለቃዋ ሦስቱን ባልደረቦቿን ቢሮው ሰብስቦ ስለ አዲስ ፕሮጀክት ሲያወራ እሷን አልጠራትም። ከሰዓት «ሪፖርቴን አየኸው?» ብላ በቴሌግራም ጻፈችለት፤ ከፍቶ አይቶት ዝም አለ። ሌሊቱን ሳትተኛ አደረች። ሐሙስ ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ በግማሽ ፊት ሰላም አላት። አርብ የሚቀጥለውን ወር ፔይሮል (የደመወዝ ክፍያ ሒሳብ) እንድትሠራ ሰጣት፤ እሷ ግን «ለማስመሰል ነው» ትላለች። «ሊያስወጣኝ እንደሆነ ቀልቤ ነግሮኛል። ባልደረቦቼም ሳያውቁ አይቀሩም። ቀልቤ ደግሞ ዋሽቶኝ አያውቅም።» በፊት የነበረችበት መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ዝም ዝም ሲሏት ከርመው ነው ያሰናበቷት። የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ጽፋ ጨርሳለች፤ ሰኞ ልታስገባ ነው። መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ ትላለች፦ «ሰው ላይ ቶሎ እደመድማለሁ። ሪያድ ያለችው እህቴ እንኳ ስልክ ካላነሳችልኝ ተቀይማኛለች ብዬ ሳምንት እዘጋታለሁ። ራሴን ባውቅ ኖሮ እንዲህ አልወስንም ነበር? ራስን ማወቅስ እንዴት ነው?»

እህቴ፣ ከሰኞው ልጀምር። ደብዳቤውን ሰኞ አታስገቢ። አለቃሽ ጥሩ ሰው ነው እያልኩሽ አይደለም። አላውቀውም፤ ምናልባትም በእርግጥ ሊያስወጣሽ አስቦ ይሆናል። ግን አንቺም እስካሁን አላወቅሽም። ያወቅሽ የመሰለሽ አእምሮሽ የጎደለውን ሞልቶ ስላቀረበልሽ ነው፤ ሲሞላ ደግሞ «ይህንን እኔ ነኝ የጨመርኩት» ብሎ አይነግርሽም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ይህ መብት ሰኞም አለሽ፣ በሚቀጥለው ወርም አለሽ። ስለዚህ የሚያስቸኩልሽ ነገር ውጭ የለም። የሚያስቸኩልሽ ጭንቀቱ ነው፤ ወስነሽ ብትገላገዪ የምታርፊ መስሎሽ ነው።

መልእክትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እስቲ አብረን እንለየው።

ረቡዕ ዕለት ቢሮው ውስጥ ካሜራ ቢኖር ምን ይቀርጽ ነበር? አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲያወሩ። አንቺ የለሽም። በቃ። «አልጠራኝም» የሚለው ራሱ ግማሹ ግምት ነው። ሆን ብሎ ትቶሽ ሊሆን ይችላል፣ ፕሮጀክቱ እነሱን ብቻ የሚመለከት ሊሆን ይችላል፣ ወይም እነሱ ራሳቸው ለሌላ ጉዳይ ገብተው ወሬው እዚያው ተነሥቶ ሊሆን ይችላል፤ ካሜራው ይህን አይለይም። ቴሌግራሙስ? መልእክቱ ተከፍቷል፤ የሚታየው ይኸው ነው። ስብሰባ ላይ ሆኖ ይክፈተው፣ «ቆይ ሪፖርቱን ልየውና እመልስላታለሁ» ብሎ ይርሳው፣ ወይ ሊመልስልሽ ሳይፈልግ ይቅር፣ ምልክቱ ለሁሉም አንድ ነው። የሐሙሱ «ግማሽ ፊት» ደግሞ ከሁሉም በላይ የተጨመረበት ነው። ፊቱ ቀዝቅዞ ታይቶሽ ይሆናል፤ የቀዘቀዘው ባንቺ ምክንያት መሆኑ ግን ፊቱ ላይ አልተጻፈም። የቤት ኪራይ ይሁን፣ የታመመ ልጅ ይሁን፣ ከበላይ አለቃው የመጣ ቁጣ ይሁን፣ ማን ያውቃል?

እንግዲህ በሁለቱ ቀናት የታዩት ነገሮች ሦስት ናቸው። «ሆን ብሎ ነው»፣ «ባልደረቦቼም ያውቃሉ»፣ «ሊያስወጣኝ ነው» የሚሉት ግን የትም አልታዩም። ደብዳቤውን ያጻፉሽ ደግሞ እነዚህ ያልታዩት ናቸው።

ይህ ያንቺ ብቻ ጉድለት እንዳይመስልሽ። በ1944 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ሲመል የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ አጭር ፊልም ሠርተው ለተማሪዎች አሳዩ። ፊልሙ ላይ ሰው የለም። ትልቅ ሦስት ማዕዘን፣ ትንሽ ሦስት ማዕዘንና አንዲት ክብ ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ በር ባለው አንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ያያችሁትን ንገሩን ሲባሉ ከ34ቱ አንዱ ብቻ ነው ስለ ቅርጾች የተናገረው። ሌሎቹ ስለ ጉልበተኛ፣ ስለ ፈሪ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ጠብ ነበር የሚያወሩት። ፊልም ላይ የሚንቀሳቀስን ሦስት ማዕዘን «ክፉ ነው» ያሰኘ አእምሮ፣ ደመወዝሽን በእጁ የያዘ ሰው ፊቱን ሲያዞር ታሪክ ባይሠራ ነው የሚገርመው።

ማየት ከፈለግሽ እቤትሽ ሞክሪው። መስመር ያለው ወረቀት አምጪ። ግራው ላይ የመደመር ምልክት አድርጊ፣ ከሱ 10 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ቀኝ ደግሞ በዚያው መስመር ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ። ግራ ዓይንሽን ጨፍኚና በቀኙ የመደመር ምልክቱን ብቻ እያየሽ ወረቀቱን ቀስ አድርገሽ አቅርቢ፣ አርቂ። ከፊትሽ 35 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን ነጥቧ ድርግም ብላ ትጠፋለች። ምክንያቱም ከዓይናችን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ በሚወጣበት ቦታ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ የለም፤ እዚያ ላይ ሁላችንም ዕውሮች ነን። አሁን ነጥቧ የነበረችበትን ቦታ ልብ በይ። ቀዳዳ አይታይሽም። ወረቀቱ ሙሉ ነው፤ መስመሩም ሳይቋረጥ ያለፈ ይመስላል። አንጎልሽ ዙሪያውን አይቶ ሞላው። አንቺም ስትሞዪ አልተሰማሽም። ስለ ሰው ሐሳብ ስንገምትም የምንሞላው እንዲሁ ሳይታወቀን ነው።

በምን ይሞላል? ባለፈው ነገር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ የድሮው መሥሪያ ቤትሽ በዝምታ ጀምሮ በስንብት ስለጨረሰ፣ አእምሮሽ ዝምታን ሁሉ በዚያ መዝገብ ያስገባዋል። ይህ ጅልነት አይደለም፤ ከአደጋ ለመጠበቅ የተሠራ አእምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው። በከንቱ መደንገጥ ብዙ አያስከፍልም፣ እውነተኛ አደጋ ቢያመልጥሽ ግን ዋጋው ከባድ ነው፣ ስለዚህ ወደ ጥርጣሬ ያጋድላል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሁላችንም ሰምተነው ያደግነውም ለዚህ ይመስለኛል። ያንቺ ጉዳይ ላይ ግን ሒሳቡ ተገልብጧል። በከንቱ መደንገጡ ራሱ እንጀራሽን ሊያሳጣሽ ነው።

አሁን ወደ ቀልብ ልምጣ። «ዋሽቶኝ አያውቅም» ያልሽው ላይ መቆም እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

ቀልብን ንቄ አላውቅም። እናትሽ ምጣዱ መጋሉን ሳትነካው ታውቃለች። ሊጡን አዙራ ስታፈሰው፣ ዓይኑ ሲወጣ፣ እንፋሎቱን አይታ አክንባሎውን መቼ እንደምታነሳ አትቆጥርም። ይህ እውነተኛ ቀልብ ነው። እንዴት መጣ? ምጣድ ሕግ አለው፤ ከጋለ ይጋግራል፣ ካልጋለ ይሟጭቃል። ከተሳሳተች ደግሞ እዚያው በደቂቃዎች ውስጥ እንጀራው ይነግራታል። ዳንኤል ካህነማንና ጋሪ ክላይን የተባሉ ሁለት ሥነ ልቦና አዋቂዎች ነበሩ፤ አንዱ የሰው ግምት ምን ያህል እንደሚሳሳት ሲያጠና የኖረ፣ ሌላው የእሳት አደጋ አዛዦችንና ነርሶችን ቀልብ እያጠና ያደነቀ። ለዓመታት ተከራክረው በ2009 አብረው በጻፉት ጽሑፍ ላይ የተስማሙበት ነገር ይህ ነው፦ ቀልብ የሚታመነው ነገሩ የማይለዋወጥ ሥርዓት ሲኖረውና፣ ሰውየው ደጋግሞ ሞክሮ ትክክል መሆን አለመሆኑን እያየ የተማረበት ሲሆን ነው። ሌላው ነገር፣ በራስ መተማመኑ ብቻውን ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። ትክክል የሆነም የተሳሳተም ቀልብ እኩል እርግጠኛ ሆኖ ይሰማል።

አሁን ራስሽን ጠይቂ። ስለ ሰዎች ዝምታ የሰጠሽው ግምት ትክክል ይሁን አይሁን ስንት ጊዜ አጣርተሻል? እህትሽ ስልክ ሳታነሳ ስትቀር ሳምንት ትዘጊያታለሽ። ስለዘጋሻት ምክንያቷን አትሰሚም። ሳምንቱ ሲያልፍ ትታረቃላችሁ፣ ነገሩም «ተቀይማኝ ነበር» ተብሎ ይመዘገባል። እንዲህ ከሆነ ቀልብሽ ሊሸነፍ አይችልም፤ ተፈትኖ አያውቅማ! እንዲያውም አንዳንዴ ግምታችንን እኛው እውነት እናደርገዋለን። ሳምንት የተዘጋባት እህት በስምንተኛው ቀን ብትቀዘቅዝ ምን ይገርማል? ሐሙስ ኮሪደሩ ላይ ያንቺስ ፊት እንዴት ነበር? ለወቀሳ አይደለም የምጠይቅሽ፤ ረቡዕ ማታ ሳትተኚ አድረሽ ሐሙስ ፈገግ ብለሽ ያለፍሽ አይመስለኝም።

የአርቡ ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። ዝም ሲልሽ «ሊያስወጣኝ ነው»። ሥራ ሲሰጥሽ ደግሞ «ለማስመሰል ነው»። ታዲያ ምን ቢያደርግ ነው «አይ፣ ተሳስቻለሁ» የምትዪው? መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ የያዝሽው ነገር ማስረጃ ሰምቶ የሚለወጥ ግምት መሆኑ ቀርቷል። በ1960 ፒተር ዌሰን የተባለ የለንደን ተመራማሪ ለ29 ተማሪዎች 2፣ 4፣ 6 የሚሉ ቁጥሮች ሰጣቸው። «እነዚህ አንድ ሕግ ይከተላሉ፤ የራሳችሁን ሦስት ሦስት ቁጥር እያቀረባችሁ ሕጉን አግኙ፤ ይሆናል፣ አይሆንም እላችኋለሁ» አላቸው። ብዙዎቹ «በሁለት በሁለት የሚጨምር ነው» ብለው አሰቡና 8፣ 10፣ 12 አሉ። ይሆናል። 20፣ 22፣ 24። ይሆናል። እርግጠኛ ሆነው መለሱ፤ ተሳሳቱ። ሕጉ «እየጨመረ የሚሄድ ማንኛውም ቁጥር» የሚል ነበር። በመጀመሪያ መልሳቸው ያገኙት 6 ብቻ ናቸው። 1፣ 2፣ 50 ብለው ቢሞክሩ ኖሮ ግምታቸው መፍረሱን ባዩ ነበር፤ ግን የሚደግፋቸውን እንጂ የሚያፈርሳቸውን አልፈለጉም። አንቺም ከረቡዕ ጀምሮ 8፣ 10፣ 12 እያልሽ ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ደረስን፤ ራስን ማወቅ። ብዙ ሰው ራስን ማወቅ ሲባል ብቻውን ተቀምጦ «ለምን እንዲህ ተሰማኝ? ለምን እንዲህ ሆንኩ?» እያለ ውስጡን መቆፈር ይመስለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። በ1977 ሪቻርድ ኒዝቤትና ቲሞቲ ዊልሰን አንድ ሙከራ ጻፉ። ገበያ ውስጥ አራት ጥንድ የሴቶች ስቶኪንግ በረድፍ አስቀምጠው የተሻለውን ምረጡ አሉ። አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ከግራ ወደ ቀኝ የተመረጡት በመቶኛ 12፣ 17፣ 31 እና 40 ሆኑ፤ የመጨረሻው በመሆኑ ብቻ የቀኙ አሸነፈ። ለምን መረጣችሁት ሲባሉ ስለ ጥራቱ አስረዱ። ቦታው ይሆን እንዴ ሲባሉ ሁሉም ለማለት ይቻላል አልተቀበሉም። አልዋሹም። አእምሯቸው ለምርጫቸው የሚያሳምን ምክንያት ሠርቶ ሰጣቸው፣ አመኑት። «ለምን?» ብለሽ ውስጥሽን ስትቆፍሪ የምታገኚው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ምክንያት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስታብሰለስዪው ደግሞ እውነት እየመሰለ ይሄዳል።

እኔ ራስን ማወቅ የምለው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ያየሽውንና የጨመርሽውን ትኩስ እያለ መለየት። ሁለተኛ፣ ባዶ ቦታ ሲገጥምሽ ዘወትር በምን እንደምትሞዪው ማወቅ። አንቺ ዝምታን በመገፋት ነው የምትሞዪው፤ ይህንን በቃልሽ ያዢው። ሌላው ሰው በንቀት ይሞላዋል፣ ያኔ ይቆጣል። በደግነት የሚሞላም አለ፤ «ጓደኛዬ ነው፣ ይከፍለኛል» ብሎ ያለ ወረቀት ብዙ ብር የሚያበድረው እሱ ነው። እሱም ገምቷል፣ የሱ ግን ጥሩ ስለሚመስል ማንም ችግር ነው አይለውም።

እንግዲህ እንዴት ይደረጋል? ደብተር ያዢ። በስልክሽ ሳይሆን በእጅሽ ብትጽፊ ይሻላል፤ ስትጽፊ ትዘገያለሽ፣ የሚፈለገውም መዘግየቱ ነው። በአንድ በኩል ካሜራው የሚያየውን፣ በሌላ በኩል እኔ የጨመርኩት የምትዪውን ጻፊ። ከሥሩ ለዚያው ነገር ሌሎች ምክንያቶችን ደርድሪ። ማመን የለብሽም፤ መኖራቸውን ማየት ብቻ ነው። ከዚያ «ግምቴ ልክ ካልሆነ ምን አያለሁ?» ብለሽ ጻፊ፣ ያንን ፈልጊ። የሚቀጥለው ወር ፔይሮል ላንቺ መሰጠቱ ለምሳሌ እዚህ ውስጥ ይገባል። ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። አሮን ቤክ በ1960ዎቹ የጀመረው የሥነ ልቦና ሕክምና ብዙው ሥራው ይኸው ነው፤ ሳናስበው ብልጭ የሚል ሐሳብን ይዞ፣ ጽፎ፣ ማስረጃውን መመርመር።

ልብሽ እየመታ መጻፍ ካቃተሽ ራስሽን በስምሽ ጥሪና የጓደኛሽ ጉዳይ እንደሆነ አድርገሽ ጻፊው። «እገሊት ረቡዕ እንዲህ አየች። ምን ብታደርግ ይሻላታል?» ንጉሥ ሰለሞን ለሌላው ሲፈርድ ጥበበኛ፣ የራሱ ሕይወት ላይ ሲደርስ ግን እንደዚያ ያልሆነ መሆኑን ታውቂያለሽ። ኢጎር ግሮስማንና ኢታን ክሮስ በ2014 ባወጡት ጥናት ሰዎች የጓደኛቸውን የፍቅር ችግር ከራሳቸው ይልቅ በብስለት ሲያመዛዝኑ አገኙ፤ ስያሜውንም ከሰለሞን ወሰዱ። ደስ የሚለው፣ ሰዎቹ የራሳቸውን ጉዳይ ከሩቅ እንዳለ ሰው ሆነው እንዲያዩት ሲደረግ ልዩነቱ ጠፋ።

ይህ ሁሉ ግን አንድ ቦታ ላይ ያበቃል። ደብተር የአለቃሽን ሐሳብ አያውቅም። መጠየቅ አለብሽ።

መጠየቅ እኛ ጋ ከባድ ነው፣ ይገባኛል። ይሉኝታ አለ። «ከነገሩ ጦም እደሩ» አለ። በቀጥታ የተናገረ ባለጌ፣ በቀጥታ የጠየቀ ደግሞ ነገር ፈላጊ ይባላል። ከንግግር ጀርባ ያለውን ወርቅ መፈለግ ቅኔ ላይ ትልቅ ችሎታ ነው፣ ቢሮ ውስጥ ግን ምንም ያልተደበቀበት ቦታ ላይ ወርቅ ስንቆፍር እንውላለን። ስለዚህ ስለሱ ሐሳብ ሳይሆን ስለ ሥራሽ ጠይቂ። «ለምን ገፋኸኝ?» ካልሽው ይከላከላል። «ረቡዕ የተነጋገራችሁበት ፕሮጀክት ላይ የኔ ድርሻ ይኖር ይሆን? ሪፖርቴስ ላይ የሚስተካከል ነገር አለ?» ብትዪው የሚያስቀይም ነገር የለውም። በቴሌግራም አይሁን፣ በአካል ግቢ። በ2005 ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት እንዳሳየው በጽሑፍ ስንልክ ቃናችን እንደሚገባ እናምናለን፣ አንባቢውም በትክክል የተረዳ ይመስለዋል፣ ሁለታችንም ግን ከምናስበው በላይ እንሳሳታለን። የመለሰልሽን ስትወጪ ቃል በቃል ጻፊው። ትርጉሙን ሳይሆን ቃሉን።

ግልጽ መልስ ከሰጠሽ ጥሩ። አድበስብሶ ካለፈሽ ሳምንት ቆይተሽ ድገሚው፤ አንድ ማድበስበስ ምንም አይነግርሽም፣ ተደጋጋሚው ግን ይነግርሻል። በእርግጥ ሊያስወጣሽ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጠርጥረሽ የነበረው ልክ ነው፣ ያኔም ቢሆን በንዴት ደብዳቤ መወርወር አይጠቅምሽም። ሲቪሽን አድሺ፣ የተሰጠሽን ሥራና የሠራሽውን በጽሑፍ ያዢ፣ ሌላ ቦታ አግኝተሽ ውጪ። ማጣራቱ እሱን ነፃ ለማውጣት አይደለም፤ አንቺ በምትመርጪው ጊዜና ሁኔታ እንድትወስኚ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ በኋላ ስትገምቺ ደብተሩ ላይ «ከመቶ ስንት እርግጠኛ ነኝ» ብለሽ ቁጥር አስቀምጪ፣ የሆነውን ስታውቂ ከጎኑ ጻፊ። ጥቂት ወራት ስትቀጥዪ ቀልብሽ በየትኛው ነገር እንደሚታመን፣ በየትኛው እንደማይታመን ራስሽ ታያለሽ። ምናልባት ቁጥር ላይና ሰነድ ላይ ስህተት ሲኖር ቀድሞ የሚነግርሽ ጎበዝ ቀልብ ይኖርሻል፤ ሒሳብ ሠራተኛ ነሽ፣ ዓመታት ተምረሽበታል። የሰው ዝምታ ላይ ግን ገና ጀማሪ ልትሆኚ ትችያለሽ። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለና ሥራሽን፣ ምግብሽን የሚያውክሽ ከሆነ ግን በደብተር ብቻ አትታገዪው፤ በአካል የሚያይሽ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሂጂ።

እህትሽ ጋ ደግሞ ዛሬውኑ ደውዪ። ሰው ቤት የምትሠራ ከሆነ ስልኳ ሁልጊዜ እጇ ላይ ላይሆን ይችላል፤ አንዳንዱ ቤት ሥራ እስኪያልቅ ስልክ ይቀመጣል፣ አንዳንዱ ቤት ጭራሽ አሠሪዋ ጋ ነው የሚውለው። «ለምን አታነሺም?» ብለሽ እንዳትጀምሪ። «ስልክሽን በየትኛው ሰዓት ነው የምታገኚው?» በያትና የነገረችሽን ሰዓት ጽፈሽ ያዢ፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ሰዓት ደውዪላት።